የከተማ እድሳት በማን ብር? የንብረት ግብር፣ ድጎማ፣ ሊዝና መዋጮ ለወሎ ከተሞች ሲነጻጸሩ

የቀበሌ ስብሰባ ላይ መንገዱ ይሠራ፣ ቦዩ ይጠረግ፣ መብራቱ ይብራ ሲባል ሁሉም ይስማማል። «በማን ብር?» ሲባል ግን ቤቱ ዝም ይላል። ከዚያ አንዱ «መንግሥት ይስጠን» ይላል። ሌላው «መሬት በሊዝ ይሸጥ» ይላል። ሦስተኛው ስለ ንብረት ግብር የሰማውን ሲያነሳ ስብሰባው ይደፈርሳል።

ይህ መመሪያ ለዚያ ስብሰባ ነው። የቤት ባለቤት፣ የቅሬ (የወሎ እድር) ሰብሳቢ፣ ነጋዴ ወይም የከተማ ምክር ቤት አባል ከሆናችሁ ይመለከታችኋል። ምሳሌዎቹ ከደሴ፣ ከኮምቦልቻ፣ ከወልድያ፣ ከላሊበላና ከትንንሾቹ ከተሞች የተወሰዱ ናቸው።

አስቀድሞ አንድ ነገር ይታወቅ። የከተማ አስተዳደር ሁለት ኪስ አለው። በአንደኛው ከክልል የሚመጣው የበጀት ድጎማ ይገባል። እሱ በአብዛኛው የመምህሩ፣ የጤና ባለሙያውና የቢሮ ሠራተኛው ደመወዝ ነው። ሁለተኛው የማዘጋጃ ቤት ገቢ ነው። የውስጥ ለውስጥ መንገድ፣ የጎርፍ መውረጃ፣ የቆሻሻ ማንሳት፣ የመንገድ መብራት ከዚህ ይጠበቃሉ። «ከተማው በጀት አለው፣ ለምን መንገዱን አይጠግንም?» የሚባለው ብዙ ጊዜ የመጀመሪያውን ኪስ እያዩ ነው። ባዶ የሆነው ሁለተኛው ነው።

መመዘኛዎቹ

አምስት ጥያቄ ይበቃናል። እኩል ክብደት ግን የላቸውም።

የመጀመሪያው፦ ገንዘቡ በየዓመቱ ይመጣል ወይ? ለእኔ ይህ ከሁሉም ይበልጣል። ምክንያቱ የደሴ መልክዓ ምድር ነው። ከተማዋ ጦሳ ተራራ ሥር ናት። ክረምት ሲገባ ውሃው ከተራራው ወደ ሰፈሩ ይወርዳል፣ ከዚያ ወደ ቦርከና። ቦዩ ሰኔ ሳይገባ ካልተጠረገ ድንጋይና ደለል ይሞላዋል፤ ውሃው ወደ አስፋልቱ ይወጣል፣ ኮብልስቶኑን ይነቅላል። አምና የተጠረገ ቦይ ዘንድሮ አያገለግልም። ስለዚህ አንዴ መጥቶ የሚያልቅ ብር ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ሁለተኛው፦ ሸክሙ ማን ላይ ያርፋል? ሦስተኛው፦ የት እንደሚውል ማን ይወስናል? አራተኛው፦ ለመጀመር ምን ይጠይቃል? መዝገብ፣ ገማች፣ ኮምፒውተር፣ ሠራተኛ። አምስተኛው፦ የብር ዋጋ ሲወርድ ገንዘቡ ምን ይሆናል? ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ይህን ጥያቄ የማያነሳ የግንባታ በጀት ከባድ ቀልድ ነው።

አንደኛ አማራጭ፦ የንብረት ግብር

ሰው «የጣሪያና ግድግዳ» የሚለው ግብር አዲስ አይደለም። በሐምሌ 1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። በቀጣዩ ዓመት አዋጅ ቁጥር 80/1968 የከተማ ቦታ ኪራይና የቤት ግብርን ደነገገ። የቤት ግብሩ የሚሰላው ቤቱ ቢከራይ በዓመት ያስገኛል ተብሎ በሚገመተው ኪራይ ላይ ነበር። ግምቱ በጊዜው ትክክል ሊሆን ይችላል። ችግሩ ግምቱ አለመታደሱ ነው። ቤቱ በሚሊዮን ሲሸጥ ግብሩ የሻይ ቡና ዋጋ ሆኖ ቀረ።

በዚህ እኛ ብቻ አይደለንም። እንግሊዝ ውስጥ የቤት ግብር የሚጣለው እስከ ዛሬ ቤቱ በ1991 እ.ኤ.አ. ያወጣ በነበረው ዋጋ ተመድቦ ነው። እንደገና እንገምት ያለ ፖለቲከኛ መራጭ እንደሚቆጣበት ያውቃል። ስለዚህ ማንም አይነካውም። ግመታ ሲዘገይ የሚጠቀመው ቤቱ ብዙ ዋጋ የጨመረለት ሰው ነው፤ ያ ደግሞ ድሃው አይደለም።

እኛ ጋ ነገሩ የተንቀሳቀሰው ዘግይቶ ነው። ሕገ መንግሥቱ የንብረት ግብርን ለማን እንደሆነ በስም አልጠቀሰውም። እንዲህ ያለውን ግብር አንቀጽ 99 ለሁለቱ ምክር ቤቶች የጋራ ውሳኔ ይተወዋል። በ2015 ዓ.ም. የፌዴሬሽን ምክር ቤትና የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በጋራ ተቀምጠው ሥልጣኑን ለክልሎች ሰጡ። ጥር 2017 የንብረት ታክስ አዋጁ ጸደቀ። አዋጁ ማዕቀፍ ነው። ወለልና ጣሪያ ያስቀምጣል፤ በመካከል ያለውን ምጣኔ የሚወስነው ክልሉ ነው።

ስሌቱ እንዲህ ይሄዳል። ግብሩ የሚታሰበው በሙሉ የገበያ ዋጋ ላይ ሳይሆን በ25 በመቶው ላይ ነው። በዚያ ላይ ለቤቱ ከ0.1 እስከ 1 በመቶ፣ ለቦታው የመጠቀም መብት ከ0.2 እስከ 1 በመቶ ይጣላል።

ቁጥር እናስገባበት። ለምሳሌ ያህል ሆጤ አካባቢ አንድ ቤት አለ እንበል። የቤቱ ግምት 4 ሚሊዮን ብር፣ የቦታው 2 ሚሊዮን ብር። ሩብ ሩቡን ስንወስድ ለቤቱ 1 ሚሊዮን፣ ለቦታው 500 ሺህ ይሆናል። በዝቅተኛው ምጣኔ ለቤቱ 1,000፣ ለቦታው 1,000፣ በድምሩ 2,000 ብር በዓመት። በከፍተኛው ምጣኔ ለቤቱ 10,000፣ ለቦታው 5,000፣ በድምሩ 15,000 ብር።

ሁለቱን ቁጥሮች አስተያዩ። 2,000 በወር 167 ብር ገደማ ነው። 15,000 ግን ለጡረተኛ የልብስና የመድኃኒት ብር ነው። ስለዚህ «ግብሩ ይኑር ወይስ አይኑር» እያሉ ጉሮሮን ከማድረቅ «ምጣኔው ስንት ይሁን፣ ማን ይቀነስለት» ማለት ይሻላል። እውነተኛው ድርድር እዚያ ላይ ነው። ደግሞም ድርድሩ የሚካሄደው በክልል ምክር ቤትና በከተማ አስተዳደር ነው፤ አዲስ አበባ ድረስ መሄድ አያስፈልግም።

የዚህ አማራጭ ጥንካሬ ግልጽ ነው። በየዓመቱ ይመጣል። ግመታው ከታደሰ የብር ዋጋ ሲወርድ አብሮ ይስተካከላል። ቤት አይሰደድም፣ አይደበቅም። የከተማው የራሱ ገቢ ስለሆነም «ይህን ሥሩልን» ብሎ ለመጠየቅ ያመቻል።

ድክመቱ ከዚያ አያንስም። ቤት ማለት ጥሬ ገንዘብ ማለት አይደለም። ወሎ ውስጥ ይህ ከሌላው ቦታ ይበልጥ ይሰማል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወልድያን፣ ደሴንና ኮምቦልቻን ሲያልፍ ብዙ ሰው ሱቁ ተዘርፎ ግድግዳው ብቻ ቀረለት። ግድግዳው ዋጋ አለው፤ ባለቤቱ ግን ካዝናው ባዶ ነው። በወረቀት ባለ ሚሊዮን፣ በኪሱ ባለ ዕዳ የሆነ ሰው ብዙ ነው። ይህን ሰው የማያይ ግብር ፍትሐዊ አይደለም።

ከዚያ የግመታው ጣጣ አለ። አዋጁ የገበያ ዋጋ ይላል። የገበያ ዋጋ የት ተጽፎ ይገኛል? በሽያጭ ውል ላይ የሚጻፈው ቁጥርና እጅ ለእጅ የሚቆጠረው ብር አይተዋወቁም። ይህን ገዢም ሻጭም ደላላም ያውቃል። ስለዚህ ከተማው በውሎች ልነሳ ቢል ከውሸት ይነሳል። እያንዳንዱ ቤት ገማች ልላክ ቢል ደግሞ ወጪው አይቻልም፤ ገማቹና ባለቤቱ ሳሎን ውስጥ ቡና ላይ የሚደራደሩበት በርም ይከፈታል።

ሌላ አገር የሞከረው መንገድ አለ። የሴራሊዮን ዋና ከተማ ፍሪታውን በ2020 እ.ኤ.አ. ነጥብ የመስጠት ዘዴ ጀመረች። የሳተላይት ምስል የቤቱን ስፋት ያሳያል። ከመንገድ ላይ የሚታየው ደግሞ ይመዘገባል፦ ጣሪያው ምንድን ነው፣ ግድግዳው ምንድን ነው፣ መኪና ይደርሳል ወይ። ነጥቡ ተደምሮ ወደ ዋጋ ይቀየራል። ባለቤቱ ነጥቡን አንብቦ «ይህ ስህተት ነው» ማለት ይችላል። ገማች ሳሎን መግባት አያስፈልገውም።

ለደሴ የሚስማማው ወደዚህ የቀረበ ነገር ይመስለኛል። ሰፈርን በቀበሌ ሳይሆን መንገድ በሚደርስበት መጠን ደረጃ ማውጣት። ደሴ ውስጥ በአንድ ቀበሌ አስፋልት ዳር ያለ ቤት አለ፤ ከኋላው ዳገት ላይ አሸዋ በአህያ የሚወጣለት ቤት አለ። ሁለቱን በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ ዳገት ላይ ያለውን መቅጣት ነው። ቁልቁለቱ መሬት የሚሸሽበት ከሆነ ደግሞ ባለቤቱ በየዓመቱ የድጋፍ ግንብ ወጪ አለበት። እሱም ይቀነስለት።

መዝገቡም ሌላ ፈተና ነው። ካርታ ያለው፣ ሰነድ አልባ የሆነው፣ ያልተከፋፈለ ውርስ ላይ የተቀመጠው ሁሉ አንድ ሰፈር ይኖራሉ። በአዋጅ ቁጥር 818/2006 መሠረት ይዞታ አረጋግጦ መመዝገብ ካልቀደመ ግብሩ ወረቀቱን ያስተካከለ ሰው ላይ ብቻ ይወድቃል። ያኔ ትምህርቱ «ካርታ አታውጣ» ይሆናል።

ሕጉን ሳያስተካክሉ መቸኮል ምን እንደሚያመጣ አዲስ አበባ አሳይታለች። በ2015 ዓ.ም. የጣሪያና ግድግዳ ግብር በአንዴ ሲጨምር ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ። የክልል ከተማ ያንን ጣጣ የሚችልበት ጉልበት የለውም።

ሁለተኛ አማራጭ፦ ድጎማና ፕሮግራም

ሕዝብ የሚወደው ይህን ነው። ማን ይጠላል?

የዓለም ባንክ የሚደግፈው የከተሞች ፕሮግራም በ2008 እ.ኤ.አ. በ19 ከተሞች ተጀመረ፤ በሁለተኛው ዙር 44 ከተሞች ሆኑ። በ2010 ዓ.ም. የመጣው የከተሞች የተቋምና የመሠረተ ልማት ማስፋፊያ ፕሮግራም፣ በአጭሩ ዩአይአይዲፒ፣ 117 ከተሞችን አቀፈ። ባንኩ ለዚህኛው ብቻ 600 ሚሊዮን ዶላር መድቧል። በየከተማው የሚታየው ኮብልስቶን፣ ቦይና ድልድይ ብዙው ከዚህ መስመር የመጣ ነው። ደሴ በከተማ ሴፍቲኔትም ከመጀመሪያዎቹ 11 ከተሞች አንዷ ነበረች። ተረጂዎቹ መንገድ በመጥረግና ችግኝ በመትከል ይሠሩ ነበር።

ዩአይአይዲፒ ጥሩ ባሕርይ ነበረው። ገንዘቡ በውጤት ይለቀቃል። ከተማው ተመዝኖ ያገኘው ነጥብ የሚያገኘውን ብር ይወስናል። ከተማውም የራሱን ድርሻ ማዋጣት አለበት፤ ማቺንግ ፈንድ የሚሉት። እዚህ ላይ ቆም በሉ። የራሱ ገቢ የሌለው ከተማ ድጎማውንም በቅጡ አያገኝም ማለት ነው። ሁለቱ አማራጮች ተቃራኒ የሚመስሉት ከሩቅ ሲታዩ ነው።

ድክመቱ የማብቂያ ቀኑ ነው። ፕሮግራም ይከፈታል፣ ይዘጋል። መንገዱን ይሠራል፤ ጠጋኙን አይቀጥርም። በ2016 አዲስ አበባ ተጀምሮ ወደ ክልል ከተሞች የወረደውና ደሴና ኮምቦልቻም የገቡበት የኮሪደር ልማት ላይ ይህ ጥያቄ ጎልቶ ይታያል። አበባው ውሃ ይፈልጋል። መብራቱ የኤሌክትሪክ ሒሳብ አለው። የእግረኛ መንገዱ ንጣፍ ይሰበራል። ሪባኑ በተቆረጠ በሦስተኛው ዓመት የሚከፍለው ማነው? በዕቅዱ ላይ ይህ መስመር ከሌለ ዕቅዱ ግማሽ ነው።

ሌላው የውሳኔ ጉዳይ ነው። ብር የሰጠ ምን እንደሚሠራም ይመርጣል። ሰፈሩ የሚፈልገው ቦይ ሆኖ የሚመጣው አደባባይ ሊሆን ይችላል። ሀብታም አገርም ከዚህ አላመለጠም። እንግሊዝ በ2021 እ.ኤ.አ. ወደ ኋላ ለቀሩ አካባቢዎች 4.8 ቢሊዮን ፓውንድ መድባ ከተሞቹን በማመልከቻ አወዳደረች። የተሸነፉት ለአማካሪ የከፈሉት ብር ቀለጠ፤ የገዛ ፓርቲያቸው ሰዎች ሳይቀሩ ነገሩን ከልመና ጋር አመሳሰሉት። ምርጥ ማመልከቻ የሚጽፈው ደግሞ ባለሙያ ያለው ከተማ እንጂ ችግር የጠናበት አይደለም። ደሴና መርሳ ለአንድ ድጎማ ቢወዳደሩ ማን እንደሚያሸንፍ መገመት አይከብድም።

አምስተኛው መመዘኛ ላይም ድጎማ ይሸነፋል። በብር የተቆረጠ በጀት ሲሚንቶና ብረት ሲጨምር ያጥራል። በወረቀት ሁለት ኪሎ ሜትር የነበረው መንገድ መሬት ላይ አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ይሆናል።

ሦስተኛ አማራጭ፦ ሊዝ

አዋጅ ቁጥር 721/2004 የከተማ መሬት በሊዝ፣ ማለትም ለተወሰነ ዘመን በክፍያ፣ እንዲሰጥ ያዛል፤ በጨረታ ወይም በምደባ። ለመኖሪያ ቤት ዘመኑ 99 ዓመት ነው። አሸናፊው ቢያንስ 10 በመቶ ቀድሞ ይከፍላል፣ ቀሪው ለዓመታት ይከፋፈላል።

ለከተማ ፈጣኑ ብር ይህ ነው። ጨረታ ይወጣል፣ ሣጥን ይከፈታል፣ ቅድሚያ ክፍያው ይገባል። ለዚህም ነው ብዙ ከተሞች የካፒታል በጀታቸውን በሊዝ ላይ የጣሉት።

ግን አንድ ቁራሽ መሬት ሁለቴ አይሸጥም። ጦሳና አዝዋ ገደል መካከል የተጨናነቀችው ደሴ ለጥ ያለ ባዶ መሬት ከየት ታመጣለች? ወይ ወደ ጢጣ በኩል ወጥታ ገበሬ ታነሳለች፣ ወይ መሐል ከተማ ነባር ሰፈር ታፈርሳለች። በሁለቱም በኩል ሰው ይነሳል። በረጅም ጊዜ የሚከፈለው የሊዝ ብር ደግሞ በየዓመቱ ይሟሟል። ከአሥር ዓመት በፊት ትልቅ የነበረው ዓመታዊ ክፍያ ዛሬ አንድ ቢያጆ ድንጋይ ላይገዛ ይችላል።

ነባር ሰፈር ውስጥ ያላችሁ አንድ ነገር ያዙ። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ባለይዞታ በፕላኑ መሠረት ማልማት ከቻለ፣ ብቻውንም ሆነ ከጎረቤቶቹ ጋር ተደራጅቶ፣ ቅድሚያ መብት ይሰጠዋል። ፒያሳና አራዳ አካባቢ ጎን ለጎን ያሉ አምስት ባለ ሱቆች ተደራጅተው አንድ ሕንፃ ቢያቆሙ መነሳቱም ጨረታውም ይቀራል። ይህ መብት በወረቀት ላይ ተቀምጦ ሰው ሳያውቀው ሲያልፍ ያናድዳል።

አራተኛ አማራጭ፦ መዋጮ

ወሎ በዚህ አይታማም። ቅሬው አለ፤ ሙስሊምና ክርስቲያን አብሮ የሚቀብርበት። ሰብሳቢው ይታወቃል፣ መዝገቡ ንጹሕ ነው፣ ያልከፈለውን ሁሉም ያውቃል። አንድ ሰፈር ለውስጥ መንገዱ ኮብልስቶን ብር አዋጥቶ ከተማው ባለሙያና ማሽን ሲጨምርበት ሥራው ቶሎ ያልቃል። ጥራቱንም ጎረቤት ቆሞ ያየዋል። ውጭ ያሉ ልጆችም ይጨምራሉ።

ሆኖም ሁለት ገደብ አለው። አንደኛ፣ ደህና ገቢ ያለው ሰፈር ያዋጣል፣ የደከመው አይችልም፤ ስለዚህ የተሻለው ሰፈር ይበልጥ ይሻላል። ሁለተኛ፣ ውዴታ የነበረው ቀስ ብሎ ግዴታ ይሆናል። የመታወቂያ እድሳት ወይም የድጋፍ ደብዳቤ ፈልገህ ስትሄድ «መጀመሪያ የመዋጮ ደረሰኝ አምጣ» ከተባልህ ያ መዋጮ አይደለም። ሕግ የሌለው ግብር ነው። ምጣኔ የለውም፣ ይግባኝ የለውም። ከዚያስ በሕግ የተቀመጠው የንብረት ግብር ይሻላል፤ ቢያንስ የሚከራከሩበት ወረቀት አለ።

ብድርና ከግል ባለሀብት ጋር በሽርክና መሥራትም አለ፤ የመንግሥትና የግል አጋርነት አዋጅ ቁጥር 1076/2010 ወጥቷል። ለአውቶቡስ መናኸሪያ፣ ለገበያ ማዕከል፣ ለቄራ ሊታሰብ ይችላል፤ ተጠቃሚው ይከፍላልና። ለቦይ ግን ማንም ባለሀብት አይመጣም። አበዳሪም የመጀመሪያ ጥያቄው «ቋሚ ገቢህ ምንድን ነው?» ነው። እዚህም ወደ ንብረት ግብሩ ተመለስን።

በአጭሩ ጎን ለጎን

| መመዘኛ | የንብረት ግብር | ድጎማና ፕሮግራም | ሊዝ | መዋጮ |
|---|---|---|---|---|
| በየዓመቱ ይመጣል? | አዎ | እስኪዘጋ ድረስ | መሬት እስኪያልቅ | እንደ ሰፈሩ ጉልበት |
| ሸክሙ ማን ላይ ነው? | የቤትና የቦታ ባለቤት | አገሪቱ በሙሉ፣ ብድር ካለበት መጪው ትውልድ | ገዢውና ተነሺው | በሰፈሩ የሚኖረው |
| ማን ይወስናል? | ክልሉና ከተማው | ሰጪው አካል | ከተማው | ሰፈሩ ራሱ |
| ለመጀመር ምን ይፈልጋል? | መዝገብ፣ ግመታ፣ ይግባኝ ሰሚ | ማመልከቻ፣ ድርሻ መዋጮ፣ ጥሩ ነጥብ | ነጻ መሬት፣ ካሳ | መተማመን |
| የብር ዋጋ ሲወርድ | ግመታው ከታደሰ ይስተካከላል | ሥራው ያጥራል | ቀሪው ክፍያ ይሟሟል | በፍጥነት ይጨመራል |
| ምን ላይ ያምራል? | ጥገና፣ ጽዳት፣ መብራት | ትልቅ ግንባታ | መሠረተ ልማት ለአዲስ ሰፈር | የሰፈር ውስጥ መንገድ |

ለየትኛው ከተማ የትኛው?

ደሴ ሁለቱን ማጣመር አለባት። የድጋፍ ግንብ፣ ዋና የጎርፍ መስመርና ድልድይ በድጎማ ይሠሩ፤ አንዴ ተሠርተው ብዙ ዓመት የሚቆዩ ናቸው፣ ወጪያቸውም ከከተማ አቅም በላይ ነው። ጥገናው በንብረት ግብር ይያዝ። ግብሩ ግን ከወለሉ ምጣኔ ይጀምር፣ ከአስፋልት ዳር የንግድ ሕንፃዎች ይጀምር። መኖሪያ ቤት ሁለተኛው ዙር ይሁን። የመጀመሪያው ዓመት ብር በሙሉ ለሁሉም በሚታይ አንድ ሥራ ላይ ይዋል። እኔ ብሆን ቦይ እመርጣለሁ። አደባባይ ፎቶ ያምርበታል፣ ክረምቱን ግን አያሻግርም።

ኮምቦልቻ የተሻለ መነሻ አላት። ፋብሪካ፣ መጋዘን፣ ደረቅ ወደብና በሐምሌ 2009 የተመረቀ የኢንዱስትሪ ፓርክ አላት። መሬቱም ለጥ ያለ ነው። መንገዱን የሚሰብረው ከባድ መኪና ነው፤ ስለዚህ ሸክሙ መጀመሪያ መኪናው በሚገባባቸው ትልልቅ ግቢዎች ላይ ቢያርፍ ፍትሐዊ ነው። ሊዝም ገና ይሠራላታል። ብቻ የሊዙን ብር ለደመወዝና ለነዳጅ እንዳትበላው። መሬት ሸጦ ነዳጅ መግዛት ጥሪትን መጨረስ ነው።

ወልድያ ከደሴ፣ ከቆቦና ከጋሸና የሚመጣው መኪና የሚገናኝባት ናት። ገቢዋ ከእንቅስቃሴ ነው፤ እንቅስቃሴው ሲቆም ገቢውም ይቆማል። በ2014 ከደረሰባት ጉዳት በኋላ ሙሉ የንብረት ግብር መጫን ጊዜው አይመስለኝም። መዝገቡን አሁን ትሥራ። ምዝገባና ግብር የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። መናኸሪያና ገበያ ደግሞ ከባለሀብት ጋር በአጋርነት ሊታሰቡ ይችላሉ።

ላሊበላ ለየት ትላለች። አብያተ ክርስቲያናቱ ከ1978 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። የመግቢያ ትኬቱ ገቢ የቤተ ክርስቲያን ነው፣ የማዘጋጃ ቤቱ አይደለም። ከተማው የሚኖረው በእንግዳ ማረፊያውና በሆቴሉ ነው። በኮሮናና በጦርነት ጎብኚ ሲጠፋ ያ ሁሉ አልጋ ባዶ ቀረ። ሆቴልን በገበያ ዋጋው ብቻ ግብር መጠየቅ እዚህ ከባድ ነው። ጎብኚ በሌለበት ዓመት ክፍያው ወደሚቀጥለው የሚተላለፍበት ደንብ ይኑር። ቅርሱ የአገርም የዓለምም ስለሆነ ለላሊበላ ድጎማ መጠየቅ ልመና አይደለም።

ሐይቅ፣ ውጫሌ፣ መርሳና መሰሎቻቸው የገበያ ግመታ ውስጥ አይግቡ። ለገማች የሚወጣው ከሚሰበሰበው ሊበልጥ ይችላል። በካሬ ሜትር ቀላል ተመን፣ ሁለት ወይ ሦስት ደረጃ፣ አበቃ። ቀሪውን መዋጮና የክልል ድጋፍ ይሙላው።

እናንተስ?

ጡረተኛ ከሆናችሁና ቤታችሁ ብቻ ያላችሁ፦ የከተማችሁ ተወካይ ዘንድ ሂዱና አንድ ነገር ጠይቁ። በራሱ ቤት ለሚኖር ዝቅተኛ ገቢ ላለው ሰው ቅናሽ ወይም ነጻ መሆን በክልሉ ሕግ ይካተት። ከሕጉ በኋላ ከመለመን ከሕጉ በፊት መናገር ይሻላል።

ሕንፃ አከራይ ከሆናችሁ፦ ተቃውሟችሁን ምጣኔው ላይ ሳይሆን በብሩ በሚሠራው ሥራ ጥራት ላይ አድርጉ። ሱቃችሁ ፊት ያለው መንገድ ሲስተካከል ኪራያችሁ እንደሚጨምር ታውቃላችሁ። የምትከፍሉት ብር የት እንደዋለ በየዓመቱ በጽሑፍ ይለጠፍ በሉ።

በቀበሌ ቤት የምትኖሩ፦ ግብሩ የሚጠየቀው ከባለቤቱ ነው፤ እናንተን የሚነካችሁ እድሳቱ ነው። ሰፈራችሁ በኮሪደር ወይም በሊዝ ዕቅድ ውስጥ መኖሩን ከፕላን ክፍል ጠይቁ። ምትክ ቤቱ የት እንደሆነ፣ መቼ እንደሚሰጥ በወረቀት ያዙ። የቃል ተስፋ አትያዙ።

የቅሬ ሰብሳቢ ከሆናችሁ፦ መዋጮ ከመጀመራችሁ በፊት ከተማው የሚጨምረውን ድርሻ አስፈርሙ። ሠርታችሁ ስታበቁ የሚጠግነው ማን እንደሆነም በዚያው ውል ላይ ይግባ።

የምክር ቤት አባል ከሆናችሁ ደግሞ ሁለት ሰነድ ሳታዩ እጅ አታውጡ። አንደኛው የማንኛውም አዲስ ግንባታ የአምስት ዓመት የጥገና ወጪና ምንጩ ነው። ሁለተኛው የይግባኝ ሰሚው አሠራር ነው፦ ማን ይቀመጥበታል፣ በስንት ቀን ይወስናል፣ ገማቹ ራሱ ዳኛ አይሆንም ወይ። ሁለቱ ካልቀረቡ አጀንዳው ለሚቀጥለው ስብሰባ ይተላለፍ።